አሮጌ የዕለት መዝገቦች፣ በጎ ፈቃደኛ አንባቢዎችና የስሕተት ሒሳብ

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ የሚያጠራጥር ልኬት ሲያጋጥም መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሙከራው ይደገማል። የአየር ጠባይ ተመራማሪ ግን ይህ ዕድል የለውም። እ.ኤ.አ. በ1855 በአንድ መንደር የዘነበውን ዝናብ ዛሬ ማንም ደግሞ ሊለካው አይችልም። በዚያን ጊዜ የለካው ሰው ካልነበረ ቁጥሩ ለዘለዓለም ጠፍቷል፤ ለክቶ ጽፎ ያስቀመጠው ሰው ካለ ደግሞ በእጃችን ያለው ያ ጽሑፍ ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደግነቱ የጻፉት ብዙዎች ናቸው። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኤውሮፓ የገጠር ካህናት፣ ሐኪሞች፣ መምህራንና ባለርስቶች የዕለት ማስታወሻ ሲይዙ የባሮሜትሩን ከፍታና የዝናቡን መጠን አብረው ያሰፍሩ ነበር። የባሕር ኃይል መኮንኖች ደግሞ ይህን የሚያደርጉት በትእዛዝ ነበር። እነዚህ ገጾች ዛሬ በየቤተ መዛግብቱ መደርደሪያ ላይ ተከማችተው ይገኛሉ። ነገር ግን በእጅ የተጻፈ ገጽ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ኮምፒዩተር ውስጥ ቢገባም እንኳ ለኮምፒዩተሩ ያው ሥዕል ነው። በሥዕል ላይ መደመርና መቀነስ አይቻልም። ሥዕሉን ወደ ቁጥር የሚለውጥ አንባቢ ያስፈልጋል፤ ለሚሊዮኖች ገጾች የሚበቃ ተከፋይ አንባቢ ለመቅጠር ደግሞ አቅም ያለው የምርምር ተቋም የለም።

ከ2007 ወዲህ ግን ሌላ መንገድ ተገኘ። በዚያ ዓመት በእንግሊዝ አገር የሚገኙ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች «ጋላክሲ ዙ» በተባለ ፕሮግራም የአንድ ሚሊዮን ገደማ ጋላክሲዎችን ፎቶግራፍ በኢንተርኔት አቅርበው፣ ማንኛውም ፈቃደኛ ሰው የእያንዳንዱን ቅርጽ አይቶ እንዲለይ ጋበዙ። የፈቃደኞቹ ብዛት ከተገመተው በላይ ሆነ። ይኸው ዘዴ በጥቅምት 2010 ወደ አሮጌ የእጅ ጽሑፎች ተሻገረ። «ኦልድ ዌዘር» የተባለው ፕሮግራም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የነበሩትን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦች የዕለት መዝገብ ለበጎ ፈቃደኞች አቀረበ። በጥር 2014 ደግሞ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና የጦርነት ሙዚየሙ በዚያው ጦርነት የእግረኛና የፈረሰኛ ክፍሎች የያዙትን፣ እስከ 1.5 ሚሊዮን ገጽ የሚደርስ የጦር ሜዳ የዕለት ማስታወሻ በተመሳሳይ መንገድ ለሕዝብ ንባብ ከፈቱ።

ስለ ባሮሜትር ምንም የማያውቅ ሰው ማታ ከሥራ ሲመለስ በቤቱ ተቀምጦ ያነበበውን ቁጥር ሳይንስ እንዴት አምኖ ሊቀበል ይችላል? ይህን ለመመለስ በቅድሚያ በገጾቹ ላይ ምን እንደተጻፈ ማየት ያስፈልጋል።

መኮንኖቹ የጻፉት

በባሕር ላይ ያለ የጦር መርከብ ተረኛ መኮንን በየ4 ሰዓቱ የአየሩን ግፊት፣ የአየሩንና የባሕሩን ሙቀት፣ የነፋሱን አቅጣጫና ኃይል በሠንጠረዥ ያሰፍራል። የነፋሱ ኃይል የሚጻፈው ፍራንሲስ ቦፎርት በ1805 ባዘጋጀው፣ ከ0 እስከ 12 በሚደርስ መለኪያ ነው፤ 0 ጸጥታ፣ 12 ደግሞ መርከብ የሚሰብር አውሎ ነፋስ መሆኑ ነው። የሰማዩ ሁኔታ በአንድ ፊደል ይመዘገባል። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የመርከቧ ኬክሮስና ኬንትሮስ ይጻፋል። በጎን በኩል የመርከቧ ውሎ፣ ማን እንደታመመ፣ የት ከሰል እንደተጫነ ይሰፍራል።

ለእነዚህ ቁጥሮች የተከፈለው ዋጋ አንዳንድ ጊዜ ከባድ ነበር። «ጃኔት» የተባለችው የአሜሪካ መርከብ በቤሪንግ ወሽመጥ በኩል አልፋ ወደ ሰሜን ዋልታ ለመድረስ በ1879 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሣች። በዚያው ዓመት መስከረም ወር በረዶ ያዛት፤ ከዚያም ሁለት ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ከበረዶው ጋር ስትንሳፈፍ ቆይታ በሰኔ 1881 በረዶው ጨፍልቆ አሰጠማት። በዚያ ሁሉ ጊዜ መኮንኖቹ መለካታቸውን አላቋረጡም። መርከቧን ትተው በበረዶ ላይ ጀልባና ሸክም እየጎተቱ ወደ ሳይቤሪያ ሲጓዙም መዝገቦቹን ይዘው ነበር። ከ33ቱ ሰዎች በሕይወት የተመለሱት 13 ብቻ ሲሆኑ፣ አዛዡ ጆርጅ ዴሎንግ ከሞቱት አንዱ ነው። መዝገቦቹ ግን ተርፈው የበጎ ፈቃደኞቹ እጅ ገብተዋል። በዚያ ዘመን ስለዚያ ባሕር ከዚህ የተሻለ ምስክር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ፊደል ይገመታል፤ አኃዝ ግን አይገመትም

አንዳንድ አንባቢያን «ኮምፒዩተሩ ራሱ ለምን አያነበውም?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። በእርግጥ የእጅ ጽሑፍ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ዛሬ በጣም ተሻሽለዋል። ይሁን እንጂ ፕሮግራሞቹ የሚማሩት ሰው አስቀድሞ አንብቦ ከገለበጣቸው ገጾች ስለሆነ የሰውን አንባቢ ፈጽሞ አያስቀሩትም። ከዚህም በላይ በቃልና በቁጥር መካከል መሠረታዊ ልዩነት አለ።

በቋንቋ ውስጥ ትርፍ መረጃ አለ። «ዛሬ ኃይለኛ ነፋ_ ነበር» ተብሎ አንድ ፊደል ቢደበዝዝ ማንም ሰው ይሞላዋል። የጦር ሜዳ ማስታወሻ የሚገለብጥ ሰው የአንድን መንደር ስም በደንብ ባያነብ እንኳ ከፊትና ከኋላ ያለውን አይቶ ይደርስበታል። «29._5» በሚል ቁጥር ውስጥ የጎደለውን አኃዝ ግን ዐረፍተ ነገሩ አይነግረንም፤ ዐሥሩም አኃዞች ሊገቡበት ይችላሉ። ቼክ ስንጽፍ የገንዘቡን መጠን በአኃዝም በፊደልም የምንጽፈው በዚሁ ምክንያት ነው። መኮንኑ ግን የባሮሜትሩን ንባብ በፊደል አልጻፈልንም።

የስሕተቱ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ እንመልከት። በእነዚህ መዝገቦች የአየር ግፊት የሚጻፈው በሜርኩሪ ኢንች ነው፤ 1 ኢንች ሜርኩሪ 33.86 ሄክቶፓስካል ነው። በችኮላ የተጻፈ 3 እና 8 በቀላሉ ይምታታሉ። 29.85 የነበረው 29.35 ተብሎ ቢነበብ ልዩነቱ 0.5 ኢንች፣ ማለትም 17 ሄክቶፓስካል ያህል ይሆናል። ይህ የጸጥታን ቀን የማዕበል ቀን አድርጎ ለማሳየት ይበቃል።

የሦስት አንባቢ ሒሳብ

ስለዚህ አንድ ገጽ ለአንድ ሰው ብቻ አይሰጥም። ያው ገጽ ለማይተዋወቁ፣ አንዱ የሌላውን መልስ ለማያይ ለበርካታ ሰዎች ይታደላል፤ ከዚያም ብዙኃኑ የተስማሙበት ቁጥር ይወሰዳል። እያንዳንዱ አንባቢ ከ100 አኃዝ 5ቱን ይሳሳታል ብለን እናስብ፤ ይህም ማለት የመሳሳት ዕድሉ 0.05 ነው። ሦስት ሰዎች ሲያነቡ የብዙኃኑ ውሳኔ የሚበላሸው ቢያንስ ሁለቱ ከተሳሳቱ ነው። የዚህ ዕድል፦

3 × (0.05)² × 0.95 + (0.05)³ = 0.00725

ነው። ከ100 አምስት የነበረው ስሕተት ከ1000 ሰባት ገደማ ሆነ። አንባቢዎቹ አምስት ቢሆኑ ከ1000 አንድ ያህል ብቻ ይቀራል፤ ስሌቱን ራሳችሁ ብታረጋግጡት መልካም ነው። በእውነቱ ውጤቱ ከዚህም የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ሰዎች ቢሳሳቱ እንኳ አንዱ 3ን 8፣ ሌላው 3ን 5 ብሎ ሊያነበው ስለሚችል አይስማሙም፤ አለመስማማታቸውም ገጹን ለተጨማሪ አንባቢ ያስመራዋል። ስለሆነም በመጠኑ የሚሳሳቱ ጥቂት ተራ አንባቢዎች አንድ ላይ ሆነው ከአንድ ጠንቃቃ ሊቅ ሊበልጡ ይችላሉ።

ይህ ሒሳብ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ማርኪ ደ ኮንዶርሴ በ1785 ስለ ዳኞች የድምፅ ብልጫ ባሳተመው መጽሐፍ ያሰላው ይህንኑ ነው። ኮንዶርሴ ግን ሁለተኛውንም ፊት አሳይቷል፤ ብዙ ሰው ከቁጥር የሚያቀርበው ይህ ሁለተኛው ፊት ሳይሆን የመጀመሪያው ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

ብዙኃኑ ሲሳሳት

ከላይ ያለው ስሌት በሁለት ነገሮች ላይ ይመሠረታል። አንደኛው አንባቢዎቹ አንዱ ከሌላው ነጻ መሆናቸው፣ ሁለተኛው እያንዳንዳቸው ከሚሳሳቱት ይልቅ የሚያገኙት የሚበልጥ መሆኑ ነው። አሁን 7ን ዘወትር እንደ 2 አድርጎ የሚጽፍ አንድ መኮንን እናስብ። የዚህን ሰው 7 ያየ ማንኛውም ሰው የመሳሳት ዕድሉ 0.6 ቢሆን፣ ሦስት ሰዎች ሲያነቡ ብዙኃኑ የሚሳሳቱበት ዕድል፦

3 × (0.6)² × 0.4 + (0.6)³ = 0.648

ይሆናል። ይህም ማለት አንባቢ በጨመርን ቁጥር ስሕተቱ እየባሰ ይሄዳል፤ መቶ ሰው ብናስነብበው ደግሞ ወደ እርግጠኛ ስሕተት እንጠጋለን። ፊዚክስ የምትማሩ ተማሪዎች ይህን ታውቁታላችሁ። ዘፈቀዳዊ ስሕተት ልኬት በመደጋገም ይቀንሳል፤ ሁሉንም ልኬት ወደ አንድ ጎን የሚገፋ ወጥ ስሕተት ግን ሺህ ጊዜ ቢደገም እዚያው ነው። ከዜሮ ያልጀመረ ሚዛን ሺህ ጊዜ ቢመዘንበት ትክክል አይሆንም።

የአንባቢዎቹን ነጻነት መጠበቅም ቀላል አይደለም። የዶክትሬት ትምህርቴን በውጭ አገር ስከታተል፣ በቤተ ሙከራችን የፊልም ሰሌዳ ላይ ያሉ መስመሮችን ሁለት ሰው ለየብቻው እንዲለካ ግዴታ ነበር፤ ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ደብተር እንዳያይ የሚደረገው ጥንቃቄ ያን ጊዜ የተጋነነ ይመስለኝ ነበር። ሌላው ሰው 29.35 ብሎ እንደጻፈ የሚያውቅ ዐይን ግን 29.35ን ለማየት ይቸኩላል። ሁለት አንባቢ የነበሩት ያን ጊዜ በሒሳቡ አንድ ብቻ ናቸው።

አየሩ ራሱ ሲመሰክር

ብዙኃኑ ሊታመኑ በማይችሉበት ስፍራ የሚቀረው ዳኛ የተፈጥሮ ሕግ ነው። የአየር ግፊት በቦታም በጊዜም ተያያዥ ነው፤ ሳይነካ ቆይቶ በድንገት 17 ሄክቶፓስካል ወርዶ በሚቀጥለው ልኬት ተመልሶ አይገኝም። ቢወርድም ነፋሱ ይናገራል፤ በ50 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለች ሌላ መርከብም ትናገራለች። በመሆኑም እያንዳንዱ የተገለበጠ ቁጥር ከጎረቤቶቹ ጋር ይመሳከራል። መርከቧ በየብስ ላይ ስትጓዝ ከተገኘች ደግሞ መኮንኑ ራሱ ምሥራቅን ምዕራብ ብሎ ጽፏል ማለት ነው፤ ይህን ስሕተት በጎ ፈቃደኞቹ በታማኝነት ገልብጠውታል፤ ማድረግ የሚገባቸውም ይህንኑ ነው። የሚያርም አንባቢ ከሚሳሳት አንባቢ ይልቅ አደገኛ ነው፤ ያረመውን ማንም አያውቅበትምና።

በዚሁ ምክንያት ዋጋ ቢስ የሚመስሉ ረድፎች ሳይቀሩ ይገለበጣሉ። ከባሮሜትሩ ጋር የተያያዘ ትንሽ ቴርሞሜትር አለ፤ ሜርኩሪ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ንባቡ መታረም አለበት። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ እርማቱ 2.5 ሚሊሜትር፣ ማለትም 3.3 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው። የዚያን ቴርሞሜትር ረድፍ የዘለለ አንባቢ ግፊቱንም አበላሸ ማለት ነው።

ዝናብ በ16 ቀን

የዚህ ዘዴ ከሁሉ የሚደንቀው ውጤት የተገኘው በ2020 ነው። በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ የአየር ጠባይ ሳይንቲስት ኤድ ሆኪንስ በመጋቢት ወር፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሰው ሁሉ ቤቱ በተዘጋበት ሰሞን፣ ከ1677 እስከ 1960 የተለካ ዝናብ የሰፈረባቸውን 66,000 የእጅ ጽሑፍ ሉሆች ለሕዝብ አቀረቡ። ወራት ይፈጃል የተባለውን ሥራ 16,000 በጎ ፈቃደኞች በ16 ቀን ጨረሱት፤ 5.2 ሚሊዮን ልኬቶች ተገለበጡ። የሚያስገርመው ዝናቡን የለኩትም ራሳቸው አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች መሆናቸው ነው። ጆርጅ ሲመንስ የተባለ ሰው ከ1860 ጀምሮ በመላ አገሪቱ በጓሯቸው የዝናብ መለኪያ የተከሉ ሰዎችን እያስተባበረ ልኬታቸውን ይሰበስብ ነበር።

ሉሆቹ አንድ ትልቅ ጥቅም ነበራቸው። በ12ቱ ወራት ሥር የዓመቱ ድምር ተጽፏል። የተገለበጡት ወራት ተደምረው ከዓመቱ ድምር ጋር ካልገጠሙ የሆነ ቦታ ስሕተት አለ፤ ይህም ቀደም ብለን ያነሣነው የቼኩ «በፊደል» መሆኑ ነው። በዚህ ሁሉ ማጣሪያ ያለፈው መረጃ የእንግሊዝን ብሔራዊ የዝናብ መዝገብ ከ1862 ወደ 1836 መለሰው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥም በመላው መዝገብ ከተመዘገቡት ሁሉ ደረቁ ዓመት 1855፣ ከግንቦት ወራት ሁሉ ደረቁ ደግሞ የ1844 ግንቦት ሆኖ ተገኘ። ድርቅ እስከ ምን ድረስ ሊከፋ እንደሚችል አስበው የውኃ ማጠራቀሚያ የሚሠሩ መሐንዲሶች ለስሌታቸው መነሻ የሚሆን አዲስ ቁጥር አገኙ፤ ያም ቁጥር ከ160 ዓመት በላይ በወረቀት ላይ ተጽፎ የኖረ ነው።

ከባሕር እስከ ደጋ

ከመርከብና ከየብስ ጣቢያ የተሰበሰበው ግፊት ወዴት ይሄዳል? ከሚሄድባቸው ስፍራዎች ዋናው «የ20ኛው ክፍለ ዘመን ዳግመ ትንተና» የሚባለው የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። በዚህ ሥራ የአየርን እንቅስቃሴ የሚያሰላ የኮምፒዩተር ሞዴል በምድር ገጽ የተለካውን ግፊት ብቻ እየተቀበለ፣ የባሕሩን ሙቀት መሠረት አድርጎ፣ የመላውን ዓለም አየር ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ መልሶ ይሠራል። አንድ መልስ አይሰጥም፤ 80 ጎን ለጎን የሚሄዱ መልሶችን ይሰጣል። ልኬት በበዛበት ስፍራ 80ዎቹ ይቀራረባሉ፤ ልኬት በሌለበት ይበታተናሉ። የመበታተናቸው መጠን ምን ያህል እንደማናውቅ የሚነግረን ቁጥር ነው።

ይህ ሥራ የኛንም ሰማይ ይነካል። እኛ «ክፉ ቀን» የምንለው፣ ከ1888 እስከ 1892 የቆየው ረኃብ በከብት እልቂት፣ በድርቅና በአንበጣ የመጣ ነው። በ1888 ግብፅ የደረሰው የዐባይ ሙላት እጅግ ዝቅተኛ ስለነበር የደጋው ክረምት እንደከዳ እናውቃለን፤ ነገር ግን በደጋው ላይ የዘነበውን በየወሩ የሚነግረን የዝናብ መለኪያ መረብ አልነበረም። የዚያን ክረምት አየር መልሶ ለመሥራት የሚሞክር ሞዴል በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ላይ ያለፉ መርከቦች ባሮሜትር ያስፈልገዋል። እያንዳንዱ የሚገለበጥ ገጽ 80ዎቹን መልሶች በጥቂቱ ያቀራርባቸዋል።

አሮጌ ጽሑፍን ለፊዚክስ ማዋል በአገራችንም ያልተሞከረ አይደለም። ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት /1957-58/ ጋር ተያይዞ የተቋቋመውን የአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሩት አባ ፒየር ጉዌን በ1979 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪቃ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ፣ ከነገሥታት ዜና መዋዕልና ከመንገደኞች የዕለት ማስታወሻ ተለቅሞ የተሠራ ነው። እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ሁለቱም ዓይነት ስሕተት ይገናኛል። ፮ን ፯ ብሎ ያነበበ ሰው መንቀጥቀጡን በአንድ ዓመት ያዛንፈዋል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ አንባቢ ይህን ያርመዋል። የዘመን አቆጣጠሩን ሲለውጥ 8 መደመር ሲገባው 7 የደመረ፣ ወይም «ከሌሊቱ 3 ሰዓት» የሚለውን በፈረንጅ ሰዓት የወሰደ ሰው የሚሠራው ስሕተት ግን ሕጉን ለማያውቁ አንባቢዎች ሁሉ አንድ ነው፤ በድምፅ ብልጫ አይስተካከልም።

ለልምምድ

የሚከተለው ሠንጠረዥ ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ እንጂ ከእውነተኛ መዝገብ የተወሰደ አይደለም። አንዲት መርከብ በአንድ ቀን በየ4 ሰዓቱ የመዘገበችው ግፊት በኢንች እንዲህ ነው፦ 29.84፣ 29.81፣ 29.77፣ 29.23፣ 29.70፣ 29.66። አራተኛውን ቁጥር ሦስት ሰዎች አንብበውት ሁለቱ 29.23፣ አንዱ 29.73 ብለዋል። የነፋሱ ኃይል ደግሞ 3፣ 3፣ 4፣ 4፣ 4፣ 5 ነው። ከብዙኃኑ ጋር ትስማማላችሁን? የነፋሱ ረድፍ 3፣ 5፣ 8፣ 10፣ 8፣ 5 ቢሆንስ? በዚህኛው ጊዜ ከመወሰናችሁ በፊት የትኛውን ሌላ ረድፍ ማየት ትፈልጋላችሁ?